ቁጥሮችን በአንድ ረድፍ ያሰለፈው ሊቅ

ለዛሬ የሕይወት ታሪኩን ይዤላችሁ የቀረብኩት ሰው ጆን ፎን ኖይማን ይባላል። የሂሳብ ሊቅ ነው። ከሞተ ከስልሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ያለው ኮምፒዩተርም ሆነ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ስልክ የሚሠራበትን መሠረታዊ ዘዴ በ1945 በጽሑፍ ያሰፈረው እሱ ነው። ስለ ፎን ኖይማን የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቁት የአእምሮውን ፍጥነት ነው። እኔ ግን ሕይወቱን የምተርከው ተራ የሚመስል አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ይኸውም፣ እጅግ ብዙ ቁጥር ሲኖረን የት እናስቀምጠው? ስንፈልገውስ እንዴት አድርገን ቶሎ እናግኘው? የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ፎን ኖይማን ዲሴምበር 28 ቀን 1903 በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ያኖሽ ሲሆን፣ ጆን የተባለው ኋላ አሜሪካ ከገባ ወዲህ ነው። አባቱ የባንክ ሰው ስለነበሩ ቤቱ የደላው ነበር፤ ለልጆቹም አስተማሪ እቤት ድረስ ይመጣላቸው ነበር። ዕድሜው ሲደርስ በከተማው ስመ ጥር ወደነበረው የሉተራን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ እኛን ይመለከታልና። በትምህርት ቤቱ ላስሎ ራትስ የሚባሉ የሂሳብ መምህር ነበሩ። መምህር ራትስ ልጁ በክፍል ውስጥ ከሚሰጠው ትምህርት በላይ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከዚያም አባቱን አነጋገሩ፤ ልጁ በዩኒቨርሲቲ መምህራን በግል ሂሳብ እንዲማር ሐሳብ አቀረቡ። ጋቦር ሴጎን የመሰሉ የሂሳብ ሰዎችም ያስተምሩት ጀመር። ቢሆንም ከትምህርት ቤቱ አልወጣም፤ ሌላውን ትምህርት ከእኩዮቹ ጋር እየተማረ ቆየ። ከሱ አንድ ክፍል ቀድሞ ይማር የነበረው ዩጂን ዊግነርም የራትስ ተማሪ ነበር። ዊግነር በ1963 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው፤ የኚህን የሁለተኛ ደረጃ መምህር ፎቶግራፍ በቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይኖር ነበር። ዛሬም በሃንጋሪ በራትስ ስም የተሰየመ የመምህራን ሽልማት አለ። በበኩሌ ከሁሉ የሚገርመኝ ራትስ ያስተማሩት አይደለም። ልጁ ከሳቸው አቅም በላይ መሆኑን አምነው ለሌላ ማስረከባቸው ነው። ስንት መምህር ያደርገዋል?

አባቱ ልጃቸው እንጀራ የሚያበላ ሙያ እንዲይዝ ስለፈለጉ ፎን ኖይማን በበርሊንና በዙሪክ የኬሚካል ምህንድስና ተማረ። ጎን ለጎን ግን ቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ ሂሳቡን ይሠራ ነበር። በ1926 የምህንድስና ዲፕሎማውንም የሂሳብ ዶክትሬቱንም አገኘ፤ ያን ጊዜ ገና 22 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች እያስተማረ በኳንተም ፊዚክስም፣ የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ በሚባለው የሂሳብ ዘርፍም ትልልቅ ሥራዎች ሠራ። እነዚህን ለመዘርዘር የኔም ዕውቀት ጋዜጣውም አይበቃም። በ1930 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በፕሪንስተን ማስተማር ጀመረ። በ1933 እዚያው ከተማ አዲስ በተቋቋመው የከፍተኛ ጥናት ተቋም፣ እነ አልበርት አይንስታይን በነበሩበት፣ ከመጀመሪያዎቹ ፕሮፌሰሮች አንዱ ሆነ። ሂትለር ሥልጣን የያዘው በዚሁ ዓመት ነው፤ ፎን ኖይማንም በትውልዱ አይሁዳዊ ስለነበር ወደ ጀርመን መመለሱ ቀረ። በ1937 አሜሪካዊ ዜግነት አገኘ።

ጦርነቱ ሲመጣ የሂሳቡ ዓይነት ተለወጠ። በ1943 ሎስ አላሞስ በተባለው ምሥጢራዊ ቦታ የአቶሚክ ቦምብ ይሠሩ ለነበሩ ሳይንቲስቶች አማካሪ ሆነ። የሱ ድርሻ፣ ፈንጂ ፕሉቶኒየሙን ከየአቅጣጫው እኩል ወደ ውስጥ እንዲጨምቀው የሚያስችለውን ስሌት ማገዝ ነበር። እንዲህ ያለው የፍንዳታ ማዕበል በአንድ ቀመር ተሠርቶ አያልቅም። ቦታውን በትናንሽ ነጥቦች መከፋፈል፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ግፊቱንና ፍጥነቱን መመዝገብ፣ ከዚያም ጊዜውን በቅንጣት ወደፊት እየገፉ ሁሉንም እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። ቁጥር በቁጥር ላይ ይከመራል። የዚህ ሥራ ፍጻሜ ኦገስት 9 ቀን 1945 በናጋሳኪ ላይ የወደቀው ቦምብ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀበት። ፎን ኖይማን ቦምብ የሚጣልባቸውን ከተሞች ባጠናው ኮሚቴ ውስጥም አባል ነበር። የሊቅነቱን ነገር የሚያወሩ አንዳንድ ሰዎች ይህን ዘለው ያልፉታል፤ ለኔ አግባብ አይመስለኝም።

ወደ ኮምፒዩተር ያመጣው አጋጣሚ የተፈጠረው በ1944 በጋ በአበርዲን ባቡር ጣቢያ ነው። ባቡር ሲጠብቅ ኸርማን ጎልድስታይን የሚባል የሂሳብ ሰው የሆነ መኮንን ተዋወቀውና ጨዋታ ጀመሩ። ጎልድስታይን በፊላደልፊያ ስለሚሠራው ኤኒያክ ስለሚባል የኤሌክትሮኒክስ የስሌት መኪና ነገረው። ከዚያች ቀን በኋላ ፎን ኖይማን ከዚህ ነገር አልተላቀቀም።

ኤኒያክ 18,000 ገደማ ቫኪዩም ቱቦዎች የነበሩት፣ 30 ቶን የሚመዝን፣ አዳራሽ የሚሞላ መኪና ነበር። በሰከንድ 5,000 ያህል ድምር ይሠራል። ለዚያ ዘመን ተአምር ነው። ሁለት ጉድለት ግን ነበረው። አንደኛ፣ ሥራ ለመቀየር ሽቦ እየነቀሉ ሌላ ቦታ መሰካት ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ሥራ መጀመሪያ የሠሩት ስድስት ሴቶች ናቸው። ሁለተኛው ጉድለት ደግሞ የኛ ጉዳይ ነው። መኪናው ሲሠራ በውስጡ ሊይዝ የሚችለው ባለ 10 አኃዝ ቁጥር 20 ብቻ ነበር። ሃያ! አንድ ክፍል ተማሪ እንኳ አይሞላም።

በጁን 1945 ፎን ኖይማን 101 ገጽ ያለው ረቂቅ ጻፈ። ዋናው ሐሳብ ትእዛዙም ቁጥሩም በአንድ ሰፊ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጡ፣ እያንዳንዱም ቦታ ተራ ቁጥር፣ ማለትም አድራሻ ይኑረው የሚል ነው። ረቂቁ ሲሰራጭ የሱ ስም ብቻ ነበረበት፤ ኤኒያክን የሠሩት ኤከርትና ሞክሊ ሐሳቡ የኛም ነው ብለው ክፉኛ አዘኑ። እውነት አላቸው፤ ሐሳቡ በጋራ ውይይት የዳበረ ነበር። ስሙ ግን ለፎን ኖይማን ቀረ።

የአድራሻን ጥቅም በምሳሌ ላስረዳ። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ማርክ በሜሞሪ ውስጥ ከ200ኛው ቦታ ጀምሮ በተርታ ተቀምጧል እንበል። የ37ኛው ተማሪ ማርክ የት አለ? 200 ላይ 36 መደመር ነው፤ 236ኛው ቦታ ላይ አለ። ከመጀመሪያው ተነስቶ መቁጠር የለ፣ ስም እየጠሩ መፈለግ የለ። ተማሪው 60ም ይሁን 60,000 አንድ ድምር ይበቃል። ፎን ኖይማን በዚያው ዓመት በዚህ ዘዴ የጻፈው ፕሮግራም የቁጥር መዝገቦችን በቅደም ተከተል የሚያስተካክል ነበር። በፕሮግራሙ ተርታውን ተከትሎ ለመሄድ መኪናው የራሱን ትእዛዝ እያነሳ በውስጡ ያለውን አድራሻ አንድ አንድ እየጨመረ ይለውጥ ነበር። ብልሃት ነው፤ ግን አድካሚ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ አገር የማንቸስተር ሰዎች ለተራ ቁጥሩ የተለየ ማስቀመጫ ሠርተው ነገሩን አቀለሉት።

የአድራሻው ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይበልጥ የታየው በአየር ጠባይ ትንበያ ነው። ፎን ኖይማን ከጦርነቱ በኋላ የነገን አየር በስሌት አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ብሎ ተነሳና ከጁል ቻርኒና ከሌሎች ጋር ሥራ ጀመረ። በ1950 ያን ኤኒያክን ለ33 ቀንና ሌሊት ተጠቀሙበት። ባለቤቱ ክላራ ፎን ኖይማን የኤኒያክን አሠራር ጠንቅቃ የምታውቅ ፕሮግራም አዋቂ ስለነበረች ሰዎቹን አሠለጠነች፤ የመጨረሻውንም ፕሮግራም የመረመረችው እሷ ናት። ሰማዩን በ15 ረድፍና በ18 ዓምድ ከፋፈሉት፤ 270 ነጥብ ማለት ነው። መኪናው ግን 20 ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የቀረው ቁጥር ሁሉ በተበሳ ካርድ ላይ ውጭ ይቀመጣል፤ ካርዱ ይገባል፣ ይሰላል፣ ሌላ ካርድ ተበስቶ ይወጣል፣ ሰዎች ካርዱን ለይተው እንደገና ያስገባሉ። ለአራት ትንበያ 100,000 ያህል ካርድ ተበሳ። የ24 ሰዓት ትንበያ ለመሥራት 24 ሰዓት ገደማ ፈጀ፤ ነገን አስቀድመው ሊናገሩ ሲሉ ነገ ይደርስባቸዋል! ጊዜውን በብዛት የበላው ድምሩና ብዜቱ አልነበረም። ቁጥሩን ማመላለሱ ነው እንጂ።

በመቅደላ አገር ላለን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ አምባ ለማድረስ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ገደል እየናዱ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። በ1868 መድፉ አምባው ላይ ደረሰ። ድካሙ ሁሉ መንገዱ ላይ ነበር።

ያ የ270 ነጥብ ሰማይ ለአገራችን ቢሠራ ኖሮ፣ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ለመላው ኢትዮጵያ የሚደርሰው በጣት የሚቆጠር ነጥብ ነው። የቦረና ደጋና የበሽሎ ቆላ በአንድ ቁጥር ሊጠሩ ማለት ነው። ደጋው በልግ ሲጠብቅ ቆላው እንደሚነድ ማንም የወሎ ልጅ ያውቃል። በበልግ መቅረት ስንት ቤት እንደተፈታም አንዘነጋም። ነጥቡ ይብዛ ከተባለ ቁጥሩ ይበዛል፤ ቁጥሩ ከበዛ ደግሞ ያው የማመላለሱ ጣጣ ይመጣል።

ፎን ኖይማን ለዚህ መልስ እንዲሆን በፕሪንስተን ከ1946 ጀምሮ የራሱን ኮምፒዩተር ያሠራ ነበር። መሐንዲሱ ጁልያን ቢግሎ ይባላል። በ1952 ተመረቀ። ሜሞሪው በ40 የቴሌቪዥን መስተዋት መሰል ቱቦዎች ላይ በነጥብ የሚጻፍ ሲሆን፣ 1,024 ቁጥር ይይዛል። አንድ ቁጥር ሲፈለግ ከአርባዎቹ ቱቦዎች አርባውም ቢት በአንድ ጊዜ ይነበባል፤ ከየትኛውም ቦታ ቢጠራ የሚፈጀው ጊዜ ያው ነው። በዛሬ ልኬት 5 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ስልክ ላይ የምትላክ አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ ብዙ ጊዜ ትበልጣለች። ያም ሆኖ ቀን የፈጀው ትንበያ ወደ ደቂቃዎች ወረደ። ንድፉን ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቁት፤ በአሜሪካ በየቦታው፣ በእስራኤልም ሳይቀር፣ አምሳያዎቹ ተሠሩ።

ከዚህ ወደ ዛሬው ፕሮግራም ልሻገር፤ የአይሲቲ ትምህርት የምታስተምሩ በደንብ ታውቁታላችሁ፣ ለሌሎቻችን ግን ይጠቅማል። ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ስለ አድራሻ አይጨነቅም። ፓይተንን በመሰለ ቋንቋ ሊስት ከፍቶ ማርኮቹን ይከታል፤ ያልቃል። ሲታይ አንድ ተርታ ይመስላል። ግን በሊስቱ ውስጥ በተርታ የተቀመጠው ማርኩ አይደለም፤ ማርኩ የሚገኝበት አድራሻ ነው። ማርኩ ራሱ ዓይነቱንና ሌላም መረጃ የያዘ ልብስ ለብሶ፣ በሜሞሪው ውስጥ ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

ልዩነቱን በትምህርት ቤት እንየው። የክፍል ኃላፊው መምህር የስልሳ ተማሪዎችን የሂሳብ አማካይ ውጤት ፈለገ። ሮስተሩ እጁ ላይ ካለ ጣቱን በአንድ ዓምድ ላይ ከላይ ወደ ታች እያወረደ ይደምራል። ሮስተር ከሌለውና የያዘው የስም ዝርዝርና የፋይል ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ መዝገብ ቤት ሄዶ፣ መሳቢያ ስቦ፣ ፋይሉን ከፍቶ፣ ማርኩን አይቶ ይመለሳል። ስልሳ ጊዜ። ሁለቱም መምህራን አንድ ዓይነት ድምር ነው የሚደምሩት።

በቁጥር ስናስቀምጠው፣ በተለመደው ባለ 64 ቢት ኮምፒዩተር አንድ የነጥብ ቁጥር፣ ለምሳሌ 78.5፣ ራቁቱን 8 ባይት ይወስዳል። በፓይተን ሊስት ውስጥ ግን አድራሻው 8 ባይት፣ ልብሱ ከነቁጥሩ 24 ባይት፣ በድምሩ 32 ባይት ነው። አንድ ሚሊዮን ቁጥር ቢኖረን 8 ሚሊዮን ባይት ይበቃው የነበረው 32 ሚሊዮን ይሆናል። ከቦታው ይልቅ ግን ጉዞው ይከፋል። ኮምፒዩተሩ ከሜሞሪ ሲያመጣ አንድ ባይት አያመጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቶቹን ጨምሮ 64 ባይት በአንድ ጭነት ያመጣል። ቁጥሮቹ ራቁታቸውን ተሰልፈው ከሆነ በአንድ ጉዞ ስምንት ማርክ ይመጣል። ተበታትነው ከሆነ ለአንድ ማርክ አንድ ጉዞ ሊሆን ይችላል።

በ2006 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ የወጣው ነምፓይ የተባለው የፓይተን መሣሪያ የመጣው ለዚህ ነው። ቁጥሮቹን ያለ ልብስ እንደ ሮስተሩ ዓምድ ያሰልፋል። ታዲያ እሱንም የያዙ ሰዎች ሲቸገሩ ይታያል። ቁጥሮቹን አንድ አንድ እየጠሩ ካወጡ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ልብሱ እንደገና ይሰፋለታልና ጥቅሙ ይጠፋል። ተርታውን በሙሉ አስረክቦ፣ ደምርልኝ ብሎ ማዘዝ ነው የሚሻለው። ሌላው ጥንቃቄ፣ ከተርታው ቆርጠን የወሰድነው ክፍል ብዙ ጊዜ ቅጂ አይደለም፤ ያው ሮስተር በሌላ መስኮት ሲታይ ነው። በዚያ መስኮት ማርክ ብናስተካክል ዋናው ሮስተር ላይም ይለወጣል።

ራቁት ተርታም ዋጋ ያስከፍላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር መሆን አለባቸው። ሊስት ውስጥ ከማርኩ መሐል አልተፈተነም የሚል ቃል ማስገባት ይቻላል፤ ራቁቱን በተሰለፈ የቁጥር ተርታ አይቻልም። እዚያ ዜሮ ብንሞላ ታሞ የቀረውን ልጅ ጣልነው ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ክፍል ማርክ ለመያዝ ሊስት ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል እላለሁ። የአገር ፈተና ውጤት ወይም የሰማይ ነጥብ ሲሆን ነው ነገሩ የሚለወጠው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ፎን ኖይማን በ1955 የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን አባል ሆነ። በዚያው ዓመት ነቀርሳ እንዳለበት ታወቀ። በ1956 ከፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሜዳልያ ሲቀበል በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። አእምሮን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያነጻጽር ትምህርት በዬል ዩኒቨርሲቲ እንዲሰጥ ተጋብዞ ነበርና፣ ሆስፒታል ተኝቶም ይጽፈው ነበር። የሚያውቀው የመንግሥት ምሥጢር ብዙ ስለነበር ወታደሮች ይጠብቁት ነበር። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1957 በዋሽንግተን ሞተ፤ 53 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው በፕሪንስተን ነው።

ከሞተ ከሁለት ወር በኋላ ፎርትራን የተባለው ቋንቋ ለተጠቃሚዎች ተሰጠ። ተርታ ቁጥሮችን በስምና በተራ ቁጥር ብቻ መጥራት ያስቻለ፣ አድራሻውን ራሱ የሚያሰላ ቋንቋ ነው። የፎርትራን መሪ የነበረው ጆን ባከስ በ1977 በሰጠው ትምህርት፣ በማስሊያውና በሜሞሪው መካከል ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ የፎን ኖይማን ማነቆ ብሎ ሰየማት። ስሟ እስከ ዛሬ ይኸው ነው። ሳይጨርሰው የሞተው የዬል ጽሑፍ በ1958 በመጽሐፍ ታተመ። ኮምፒዩተሩም በዚያው ዓመት ሥራ አቁሞ ዋሽንግተን በሚገኘው በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጧል።